ባለጋሪው መኩሪያና የምንትዋብ ጀልባ

ገርጂ፣ ግንቦት 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለምንትዋብ፣

እስካሁን ከእኔ የደረሰሽ ደብዳቤ ሁሉ በጸሐፊው በፍስሃ እጅ የተጻፈ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ግን ቀልዴን እየቆረጠ ይጥልና በምትኩ ለደንበኛው ሁሉ እኩል የሚያድላትን አንዲት ሰላምታ ይሰነቅርበታል። ከዛሬ ጀምሮ ፍስሃ ተሰናብቷል። ይህን ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት እኔ አጎትሽ መኩሪያ ነኝ። ስለዚህ የራሴን ሰላምታ እነሆ፦ በሰው አገር ያለሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፣ ብርዱን ያቅልልሽ፣ የሚያስቅሽ ሰው አያሳጣሽ።

ስድስት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ቀበሌ አዳራሽ እየሄድኩ ተማርኩ። አስተማሪያችን ገንዘቤ ትባላለች፤ ከወላይታ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ጠመኔ አስይዛ ሰሌዳ ፊት አቆመችኝ። ሰው ሁሉ ፈተናውን ላብ በላብ ሆኖ ሲፈተን እኔ ጨርሼ የሌላውን ስመለከት ተቆጣችኝ። አብሮኝ ጋሪ የሚነዳው ላጲሶ አንድ ዙር ወድቆ በሁለተኛው ነው ያለፈ። እኔ በአንዱ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ እውነቱ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

አሁን ከመገናኛ እስከ ገርጂ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። የሱቁን፣ የአውቶቡሱን፣ የግድግዳውን መፈክር፤ አንዳንዱን ጮክ ብዬ፣ አንዳንዱን በልቤ። ተሳፋሪዎቼ «ጋሽ መኩሪያ፣ ኧረ ፈረሱን ይንዱ!» ይሉኛል። «ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሳላውቀው የኖርኩት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ።

አክስትሽ ፀሐይነሽ ደህና ናት። «ትምህርቷ መስከረም ላይ ያልቃል ብላ አልነበር?» እያለች ክፍልሽን በኖራ ቀብታ ጨርሳለች። አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ላኪልኝ። የእኔ ከዚህ ደብዳቤ በላይ የሚቆይ አይመስለኝም።

ይህን በመንገድ ላይ ከፍታችሁ ለምታነቡም ጤና ይስጥልኝ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገራችሁ ገንዘቤ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ክፍያ የለውም።

አጎትሽ መኩሪያ


ኦክስፎርድ፣ ሰኔ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለጋሼ መኩሪያ፣

እንዴት ሰንብተዋል? እትዬ ፀሐይነሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን በነርሶች መኖሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ሳቄን የሰማች አንዲት ጓደኛዬ አሞኝ መስሏት ሮጣ መጣች። እጅዎን ሳየው ደግሞ አለቀስኩ። ፊደልዎ እንደ እርስዎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እስክሪብቶ ሦስት ልኬአለሁ። እባክዎ ግን በመንገድ ላይ ያሉትን አንባቢዎች ሰላም አይበሏቸው፤ መልስ ቢሰጡዎትስ?

አሁን ልብዎን ያዘጋጁ። ጀልባ ገዛሁ።

ባሕር ላይ የሚሄድ አይደለም። እዚህ አገር ድሮ ዕቃ ለማመላለስ በሰው እጅ የተቆፈሩ ረጃጅም የውሃ ቦዮች አሉ፤ ከከተማ ከተማ ይሄዳሉ። ጀልባዋ ለእነሱ የተሠራች ናት፤ እንደ አውቶቡስ ትረዝማለች፣ ወርዷ ግን እጆቼን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ልነካ ምንም አይቀረኝ። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛ አለ። አርጅታለች፣ ቀለሟ ተላልጧል፣ የኔ ናት።

እንዲህ ያደረግኩት ትምህርቴ ሲያልቅ የነርሶች መኖሪያውን ስለምለቅ ነው። ሆስፒታሉ ሥራ ሰጥቶኛል፤ የዚህ ከተማ የቤት ኪራይ ግን በነርስ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ሰዉ በጀልባ የሚኖርበት ሰፈር አለ፤ እዚያ የማስርበት ቦታ ተመራልኝ። ችግሩ ጀልባዋ ያለችው በርሚንግሃም አጠገብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወለንጪቲ የሚያህል መንገድ። ፍጥነቷ እንደ እግረኛ ነው። እስከ መስከረም 20 መጥታ ካልታሰረች ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም በዚያው ቀን የመኖሪያውን ቁልፍ አስረክቤ ሜዳ ላይ እቀራለሁ። በእረፍት ቀኖቼ በባቡር እየሄድኩ ካቆምኩበት ወደፊት ልወስዳት ነው። ጀልባ ነድቼ አላውቅም። ሻጩ ሽማግሌ ለአንድ ሰዓት አስተምሮኝ «በርቺ» ብሎ ሄደ።

ቦዩ ኮረብታ ሲያጋጥመው እንደ ደረጃ ይሠራል። ጀልባዋን በሁለት በሮች መካከል ያቆሟታል፣ ውሃ ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ ጀልባዋ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለ ጀልባው ራሱ ነው። እስክደርስ እንዲህ ያለ በር መቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አንድ ነገር እርስዎን አስታወሰኝ። በቦዩ ዳር ዳር ጠባብ መንገድ አለ። ሞተር ሳይመጣ በፊት ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ።

እጅ የምነሳ ልጅዎ ምንትዋብ


ገርጂ፣ ሰኔ 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለባለመርከቧ ለምንትዋብ፣

ማዕበሉ እንዴት ይዞሻል? የውሃውም የየብሱም አምላክ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ገብቶ ገርጂ ራሷ ባሕር ሆናለች፤ ትናንት ከመገናኛ ያሳፈርኳት ሴትዮ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የወረደች።

ደብዳቤሽን ለፀሐይነሽ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ያለ ረዳት፣ በአንድ ትንፋሽ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጥቻለሁ፣ እሱ አይቆጠርም። ስጨርስ «ቤት ገዛች በለኛ» አለች።

«መርከብ ነው እንጂ ምን ቤት አለው!» አልኳት።

«አልጋና ምድጃ ካለው ቤት ነው» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ድረስ ያልሰማ ሰው የለም። የእህቴ ልጅ መርከብ ገዛች! ላጲሶ «ስንት ሰው ትጭናለች?» አለኝ። አንድ ሺህ አልኩት። በዛ? ጥቂት ቀንሺለትና ጻፊልኝ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መቀነስ ግን ያሳጣኛል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው እንኳ ቆመው አዳመጡኝ። ፈረስ መርከብ ይጎትት ነበር ያልሽውን ለዳማ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ጋሪ መጎተት አሳፍሮታል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።

አሁን ስለ መንዳት ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ልጓም ይዣለሁ፤ የሚሄድ ነገር ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ወደ ቀኝ መሄድ ስትፈልጊ ወደ ቀኝ ሳቢ። ወደ ግራ ስትፈልጊ ወደ ግራ። ስትጨነቂ ጠንክረሽ ሳቢ። በቃ፣ ተመረቅሽ። ያ ሽማግሌ ሌላ ነገር ብሎሽ ከሆነ አትስሚው፤ ፈረስ የነዳ ሰው አይመስለኝም።

ካልሆነልሽም አትጨነቂ። ክፍልሽ ነጥቶ፣ አልጋሽ ተነጥፎ ይጠብቅሻል። መርከቢቱን ሽጠሽ ነይ። ቀልዴን ነው። ግን ነይ።

አጎትሽ መኩሪያ፣ የመርከብ አማካሪ


ኦክስፎርድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፣

ለእርስዎም ለእትዬም ጤናና ደስታ እመኛለሁ። እኔ ፍጹም ደህና ነኝ። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ነው።

ቅዳሜ ጀልባዋን ከድልድይ ጋር አጋጨኋት።

ድልድዩ የሸክላ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ለአንድ ጀልባ ብቻ ይበቃል። ልገባ ስል ከወዲያ ሌላ ጀልባ ብቅ አለች። መሪው ከኋላ ያለ አንድ ረጅም ዘንግ ነው። ሻጩ «ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፊ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል» ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያም እያደረግኩ ሁለት ቀን በሰላም ተጉዣለሁ። ስደነግጥ ግን የሽማግሌው ድምፅ ጠፋኝ። የመጣልኝ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገኝ ሰው ድምፅ ነው፤ «ስትጨነቂ ጠንክረሽ ሳቢ።» ወደ ቀኝ ለመሄድ ወደ ቀኝ ሳብኩ። ወደ ግራ ሄዳ ድልድዩን ገጨችው። ሳህኑም ድስቱም ወለሉ ላይ ወረደ። ወደ ኋላ ልመልሳት ስል ደግሞ መሪው ከታች ድንጋይ መትቶ ከመቀመጫው ወጣ። ከወዲያ የመጣችው ጀልባ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ አጠገቤ ሲደርሱ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» ብለውኝ አለፉ። እዚህ አገር ሰው ሲወድቅ ስለ አየሩ ይወራል።

ጠጋኙ ወረፋ ስላለበት እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ጠብቂ ብሎኛል። መንገዱን ገና ሩቡን አልሄድኩም። ከፊቴ ሃያ አንድ በሮች ተከታትለው የተደረደሩበት ቁልቁለት አለ። እስከ መስከረም 20 መድረሴን እንጃ።

በእርስዎ አልፈርድም። ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ምንትዋብ


ኦክስፎርድ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ መኩሪያ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ደብዳቤ ካገኘሁ አንድ ወር ሆነኝ። ታመው ይሆን? ወይስ አስቀየምኩዎ? ሳቅ ያለበት ነገር ካጡ ሳቅ የሌለበትንም ይጻፉልኝ፤ አንድ መስመር ይበቃኛል።

መሪው ተጠግኖ መንገድ ቀጥያለሁ። አሁን ደግሞ ሞተሩ ያስላል። ጠጋኙ «ዕድሜው ነው፤ ኦክስፎርድ ሊያደርስሽም ይችላል፣ ላያደርስሽም ይችላል» አለኝ። አዲስ ሞተር የማይታሰብ ነው። ሌሎቹ ነርሶች በእረፍታቸው እየመጡ በር በመክፈት ይረዱኛል። ኢስሐቅ የሚባል የአስመራ ልጅም አለ፤ ሆስፒታላችን ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ያመላልሳል። «ጀልባ ከበሽተኛ አልጋ በምን ይለያል?» ብሎ መጣ። ይለያል።

ምንትዋብ


ገርጂ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለምንትዬ፣

ዘንድሮ ገርጂ ላይ ከወረደው ዝናብ የበዛ ምሕረት ይውረድልሽ። አልታመምኩም። አልተቀየምኩም። አፍሬ ነው። ከዚህ በፊት አፍሬ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚደረግ ቸገረኝ። ላጲሶ «የምትጽፍበት ቀለም አለቀ ወይስ ወሬው?» እያለ ሲቆሰቁሰኝ እንኳ ልጓሜን አስተካክዬ ነዳሁ።

የመጋጨትሽን ደብዳቤ ሳነብ ፀሐይነሽ ሽሮ ታማስል ነበር። ማማሰሏን አቆመች።

«ሆን ብለህ ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በጊዜው ካልደረሰች ወደዚህ ትመጣለች ብለህ፣ መንገዱን አሳሳትካት።»

በሚካኤል ስም ማልኩላት። ላንቺም እምላለሁ፤ ሆን ብዬ አይደለም። ልጓም እንደዚያ ነው፤ የማውቀውን ነው የነገርኩሽ። ነገር ግን፣ «ፍጹም ደህና ነኝ» ያልሽውን አንብቤ ልቤ ከተመለሰ በኋላ፣ አንዲት ቅጽበት ያህል ደስ አለኝ። ትመጣለች አልኩ። እጄን የያዘችው ያቺ ደስታ ናት። ልጽፍልሽ በተቀመጥኩ ቁጥር አጠገቤ ትቀመጣለች።

በዚያው ሰሞን ጓድ ሽፈራው ቢሮ አስጠሩኝ። ፊታቸው ወረቀት አለ።

«ጓድ መኩሪያ፣ ባለ አንድ ሺህ ሰው መርከብ ዘመድ አለህ እየተባለ ነው። የከበርቴ ቤተሰብ ከሆንክ እንድናውቀው ያስፈልጋል።»

«ኧረ ጌታዬ፣ መርከብም አይደለች» አልኩ።

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«ቤት ናት። አንድ ክፍል የምታህል ቤት። ልጅቷ ያለቻት እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም በጊዜው ካላደረሰቻት ማደሪያ የላትም።»

ይህን ስናገር የራሴን አፍ ሰማሁት። ሰኔ ላይ ፀሐይነሽ ከጓዳ በር ላይ ሆና ያለችኝን፣ ነሐሴ ላይ ቀበሌ ቢሮ ቆሜ ለሌላ ሰው አስረዳሁ። ጓድ ሽፈራው ቀና ብለው አዩኝና ወረቀቱን አጠፉት። «እኔ ደግሞ ዓሣ ታመጣልናለች ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠሩኝም።

ቤቴ ስገባ ያ ነጭ ክፍል አፈጠጠብኝ። ገንዘቤ መገናኛ አጠገብ ከሦስት ልጆች ጋር ተጣብባ ታድራለች፤ ደብተራችንን የምታርመው በጉልበቷ ላይ ነው። በማግስቱ የዕቃ ሳጥኗን በጋሪዬ ጭኜ አመጣሁና ክፍሉን ሰጠኋት። ላጲሶ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን ስናስገባው ፀሐይነሽ በር ላይ ቆማ አየችን። ከዚያ ገብታ ትራሱን አስተካከለች።

ስለዚህ ምንትዬ ወሬው ይኸው ነው። አሁን ገርጂ ማደሪያ የለሽም። ኦክስፎርድ መድረስ ግዴታሽ ነው።

ደግሞ ስሚኝ፤ ይህን ቀምሼ ነው የምነግርሽ። ያንን የመሪ ነገር ለመመርመር ዳማን ፈትቼ ጋሪውን በእጄ ወደ ኋላ ገፋሁት። ዘንጎቹን ወደ ግራ ስወስድ ቂጡ ወደ ቀኝ ሄደ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሪ ወደ ኋላ ስገፋ እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም ነበር። ጀልባሽን ወደ ኋላ እንደሚገፋ ጋሪ ቁጠሪያት። ሽማግሌው ልክ ነው። ይቅርታ በይልኝ።

ሞተሩ ካቆመ ደግሞ አትፍሪ። የፈረስ መንገድ አለ ብለሽኛል። ፈረስ ሁኑ። ጭቃ የያዘው ጋሪ በመመንጨቅ አይወጣም፤ ሲመነጨቅ ጠፍሩ ይበጠሳል። ገመዱን በሰፊ ጨርቅ ደረታችሁ ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ይወጠር። ከዚያ ገላችሁን ጣሉበትና ጠብቁ። ምንም አልሄደም ብላችሁ አትተዉ፤ ጠብቁ። ዳማ ጭቃ ውስጥ ሲሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ተኝቶበት ይቆያል፣ ሰው ፈረሱ አንቀላፋ ሲል መንኮራኩሩ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ግን እንዳትቆሙ። ፈረሱ በዳር የሚሄድ ከሆነ ገመዱን አፍንጫዋ ላይ አትሰሩት፤ ወደ ዳር ይጎትታታል። ገባ ብላችሁ ወደ መሃሏ አስጠጉት። መሪዋ ላይም ሰው ይኑር።

ሃያ አንድ በር ያልሽውን ላጲሶ ሰምቶ «አንድ ቢጨምሩበት ኖሮ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ትደርስልን ነበር» ብሏል። እንደ እኔ ባይሆንም ይሞክራል።

አጎትሽ መኩሪያ


ኦክስፎርድ፣ መስከረም 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴና ለእትዬ ፀሐይነሽ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ይህን የምጽፈው ከጀልባዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትናንት ሳይሆን ከትናንት ወዲያ፣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቦታዬ ላይ አሰርኳት።

ሃያ አንዱን በሮች በአንድ ቀን ወርደናቸዋል፤ መዳፌ ተልጧል። ከዚያ በኋላ ያለውም ደህና ነበር፤ ወደ ኋላ የሚገፋ ጋሪ ነች እያልኩ አንድም ድልድይ አልነካሁም። መስከረም 18 ቀን፣ ኦክስፎርድ ለመድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ሞተሩ አንድ ጊዜ በረጅሙ አስሎ ዝም አለ። ኢስሐቅ ከፍቶ አየው፣ ዘጋው። «በሽተኛው አርፏል» አለ። በማግስቱ ካልደረስኩ ደግሞ ሥራ ስለምገባ ሌላ ቀን የለኝም። በዚያ ቀን የሚመጣ ጠጋኝ ፈለግን፣ አጣን።

ያን ጊዜ ደብዳቤዎን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለኢስሐቅ አነበብኩለት። በማግስቱ ማለዳ ከአልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አጥፈን ደረታችን ላይ አደረግን፤ ገመዱንም እንዳሉት ወደ መሃል አስጠግተን አሰርነው። ሐምሌ ላይ ድልድዩ ሥር የደነገጥኩባቸውን የመሰሉ አንዲት አሮጊት ውሻቸውን ይዘው በመንገዱ ሲያልፉ መሪውን እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። ውሻውም ገባ።

መጀመሪያ እኔ መነጨቅኩ። ገመዱ ወገቤን ሊሰብረኝ ደረሰ፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ኢስሐቅ «አጎትሽ ምን ነበር ያሉት? ተኙበት ነው ያሉት» አለኝ። ተኛንበት። ጋሼ፣ ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳይሆን መጠበቅ እንዴት ይከብዳል! አፍንጫችን መሬት ሊነካ ደርሶ፣ ሁለት ሞኞች ገመድ ላይ ተንጠልጥለን። ተስፋ ልቆርጥ ስል ገመዱ ለስለስ አለ። ዞሬ ሳይ ያቺ ሁሉ ብረት እንደ ቅጠል ትከተለናለች። መጮኽ ፈልጌ ነበር፣ ትንፋሽ አልነበረኝም። ስድስቱን ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሄድን። ሰዎች ከየጀልባቸው ብቅ እያሉ አዩን፤ አንዱ ስለ አየሩ ተናገረ፣ ሁለቱ ግን ወርደው ገመዱን ያዙ። ቦታው ላይ ስንደርስ የሚመዘግበው ሰውዬ ቀኑን አየ፣ እኛን አየ፣ ስሜን ጻፈ።

ክፍሉን ለገንዘቤ መስጠትዎን ሳነብ መጀመሪያ ከፋኝ፤ ልደብቅዎ አልችልም። ቀጥሎ ግን ትከሻዬ ቀለለኝ። ባለፉት ደብዳቤዎቼ ሁሉ የዘለልኩትን አሁን ልጻፈው። አልመጣም ጋሼ። ለዘላለም ማለቴ አይደለም፤ አሁን ግን አልመጣም። ምክንያቱን በመንገድ ላይ ላሉት አንባቢዎች መጻፍ አያስፈልገኝም፣ እርስዎ ያውቁታል። ይህን መናገር ፈርቼ በምትኩ ስለ ሞተርና ስለ በር ስጽፍልዎ ከረምኩ። ያቺ አንድ ቅጽበት ደስታዎ እኔን አላስቀየመችኝም። ከእርስዎ ሌላ ማንም እንደዚያ አድርጎ አይፈልገኝም።

ልጅዎ ምንትዋብ


ገርጂ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባለ ቤቷ ለምንትዋብ፣

ደብዳቤሽ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰ። በማግስቱ ለፀሐይነሽ፣ ለገንዘቤና ለላጲሶ አነበብኩላቸው። «ገመዱ ለስለስ አለ» የሚለው ላይ ስደርስ ላጲሶ ከበርጩማው ተነስቶ ቆመ። «ሄደች?» አለ። «ተቀመጥ፣ ገና ነው» አልኩትና ደግሜ ከላይ አነበብኩለት። በሦስተኛው ጊዜ ፀሐይነሽ «ኧረ ልጅቷን አድርሳትና እንብላ» አለች።

ድፎ ዳቦ ጋግራ ነበር። አዲስ ቤት ለገባ ዘመድ ዳቦ መቁረስ ግድ ነው፤ ቤቱ ሩቅ በመሆኑ ሥርዓቱ አይጎድልም። እኔ ባርኬ ቆረስኩ። ላጲሶ ደግሞ በእሱ ሃይማኖት ልጸልይላት አለ። ገንዘቤ ተነስታ ወደ ውጭ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋችና እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸለየ፤ ስምሽን ብቻ ነው የሰማሁት። እኔ በሚካኤል፣ እሱ በእሱ፤ በሁለት በኩል የተያዘ ቤት ነው ያለሽ። ፀሐይነሽ ዳቦውን ለጎረቤት ሁሉ ላከች። «የምን ዳቦ ነው?» ሲሏት «ልጃችን ቤት ገባች» ትላለች። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ማስረዳቱን ለእኔ ትታልኛለች፤ እንደምታውቂኝ ጥቂት ሳላረዝመው አልቀረሁም።

አልመጣም ያልሽውን አነበብኩ። ያንን ለብቻዬ ነው ያነበብኩት፣ ጋሪው ላይ ተቀምጬ። ለፀሐይነሽ ልነግራት ስል «አውቄአለሁ፤ አልጋና ምድጃ አለው ካልከኝ ቀን ጀምሮ» አለችኝ። አላዘንኩም ብል ፍስሃ የጻፈው ይመስላል። አዝኛለሁ። ግን እንደዚያኛው ዓይነት የሚያሳፍር አይደለም፤ ይዤው መንዳት የምችለው ነው።

ይህ ኢስሐቅ የምትይው ልጅ ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ ተኝቶ የዋለ ከሆነ ደህና ሰው ሳይሆን አይቀርም። ምንም እያልኩ አይደለም። ሰላም በይው ብቻ። ፀሐይነሽ ግን ምን እንደሚበላ ጠይቂያት ብላኛለች።

የቤት ምርቃት አልቀረብሽም፣ ይኸው፦ ውሃው ከታች ይቅር፣ ወደ ላይ አይውጣብሽ። ምድጃሽ አይጥፋ። ሞተርሽ ይሻርልሽ፤ ካልሻረልሽም የሚጎትትልሽ ሰው አይጥፋ። እንግዳ ሲመጣብሽ ቤትሽ ይስፋ። ጎረቤትሽ ክፉ ከሆነ፣ ሌላው ሰው የማይችለውን አንቺ ትችያለሽ፤ ቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። ደግ ከሆነ ግን ልጄ፣ ገመዱን አጥብቀሽ እሰሪ።

አጎትሽ መኩሪያ